ለቀብር እንደምንሰባሰበው ለማስታመምም እንሰባሰብ

(በፍኖተ ሰላም ከተማ ለእድር ዳኞች፣ በቤታቸው አረጋዊ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ ሸሆች፣ የእድር ዳኞች፣ እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ እንደምን አደራችሁ? ከጅጋ፣ ከቡሬ፣ ከደምበጫና ከቋሪት ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በሽተኛችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። እናንተን በተለይ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ የምናገረው ስለ እናንተ ነውና።

እኔ ነርስ ነኝ። የሥራ ዘመኔን የፈጸምኩት በዚሁ በምዕራብ ጎጃም፣ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ እናቴን በቤቴ አስታምሜ ቀብሬአለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ግማሹን በትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከእናቴ አልጋ አጠገብ የተማርኩትን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እድር የሌለው ሰው አለ? ካለ እጁን ያውጣ። አንድም እጅ አላየሁም። ሰው ሲሞት ወዲያው ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ድስት ይጣዳል። ያልመጣ ይቀጣል። መልካም ሥርዓት ነው፤ አያቶቻችን ያወረሱን ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ያው ሰው ከመሞቱ በፊት ለዓመታት አልጋ ላይ ሲተኛ ማን መጣ? ያልመጣስ ተቀጣ?

ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ስለ መድኃኒትና ምግብ ነው። ሁለተኛው አልጋ ላይ ስለዋለ ሰው ገላ ነው። ሦስተኛው ስለ አስታማሚዋ ነው። ከሁሉ በላይ የመጣሁት ለሦስተኛው ነው።

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን በሽተኛ ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ወባ የያዘው፣ ተቅማጥ ያደከመው ሕፃን፣ ምጥ የጠናባት እናት ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመርም ትኩረቱ እናቶችና ሕፃናት፣ የአካባቢ ንጽሕናና ተላላፊ በሽታ ነበር። ሥራው ፍሬ አፍርቷል፤ እዚህ የተቀመጣችሁ የኤክስቴንሽን ልጆቻችን በዚህ ልትኮሩ ይገባል። አሁን ግን በየቤታችን ሌላ ዓይነት በሽተኛ አለ። ደም ግፊትም፣ ስኳርም፣ የጉልበት ሕመምም፣ የዓይን ሞራም በአንድ ላይ ያለበት አረጋዊ ነው። ስትሮክ መትቶት ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት ነው። አንዱን ሕመም ስናክም ሌላው ይነሣል። ሐኪም የሚያየው በቀጠሮ ቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ሐኪሙ እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

በጅጋ በኩል የማውቃቸው አንድ አባት ነበሩ። በየጊዜው ይወድቁ ነበር። ቤተሰቡ እርጅና ነው ብሎ ተቀብሎታል። ቤታቸው ሄጄ መድኃኒታቸውን እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ አንድ ፌስታል ሙሉ ክኒን መጣ። ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኩት። ከአንድ ቦታ የተሰጣቸው የግፊት መድኃኒትና ከሌላ ቦታ የተሰጣቸው የግፊት መድኃኒት፣ በማሸጊያው ላይ ስማቸው ቢለያይም፣ ውስጣቸው አንድ ነበር። እኒያ አባት መድኃኒቱን እጥፍ እየዋጡ፣ ከመደብ ብድግ ሲሉ ግፊታቸው እየወረደ ይወድቁ ነበር። በዚያ ላይ ለጉልበታቸው ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ዲክሎፌናክ በየቀኑ ይወስዳሉ። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሳሉ፤ በአረጋዊ ሰው ላይ ሲደጋገሙ ግን ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ግፊት ያስነሣሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ። ለጉልበት ሕመም መጀመሪያ የሚሞከረው ፓራሲታሞል ነው፤ እርሱም ቢሆን ሐኪሙ በወሰነው ልክ።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። የአረጋዊው መድኃኒት ሁሉ፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጠውም፣ ከግል ክሊኒክ የተገዛውም፣ ከአዲስ አበባ ልጅ የላከውም፣ በአንድ ከረጢት ይቀመጥ። በየቀጠሮው ከረጢቱ እንዳለ ይሂድ። ሐኪሙ ባይጠይቅም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በጠዋቱ መድኃኒት ላይ ፀሐይ፣ በማታው ላይ ጨረቃ ሣሉላቸው። ከመኝታ ሲነሡ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ይቁሙ። መንገድ በሚዘጋበት ወቅት ደግሞ ክኒኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የአንድ ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ሲሻል የሚቆም፣ ሲብስ የሚጀመር አይደለም።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ወደ ዓባይ በረሃ በኩል ቆላ ከሆነና ፍሪጅ ከሌለ፣ ውኃ እየተረጨ በሚቀዘቅዝ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ውኃ በማያስገባ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ። ፀሐይ አያግኘው። አብዛኛው ኢንሱሊን ከተከፈተ ከአራት ሳምንት በላይ አይሠራበትም።

አሁን ጾምን ላንሣ። አባቶቼ ካህናት፣ እዚህ ላይ የእናንተ እርዳታ ያስፈልገኛል። በሁዳዴ አንዲት እናት ጠዋት የስኳር ክኒናቸውን ውጠው ቅዳሴ ሄዱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሱም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ላብ አጠመቃቸው፣ ተንቀጠቀጡ፣ ሰው መለየት አቃታቸው። በአካባቢው የነበረው ሰው መንፈስ ነው አለ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን አያቷ ስኳር ስለነበረባቸው አወቀችው፤ ሮጣ ሄዳ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸውና ነቁ። ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ክኒን በተለይ ኩላሊታቸው በደከመ አረጋውያን ላይ ስኳርን ለረጅም ሰዓት ዝቅ አድርጎ ያቆያል። ስለዚህ ነቅተውም ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ነበረባቸው፤ ተወሰዱም። ከዚያ በኋላ ስለ ጾማቸው ምን ቢባሉ አይሰሙም ነበር። የንስሐ አባታቸውን ይዤ ሄድኩ። እርሳቸውም፣ “የእርስዎ ጾም ከእንግዲህ በምላስ ነው፤ መድኃኒትዎን በሰዓቱ፣ ምግብዎን በሰዓቱ” አሏቸው። የእኔን ስብከት ያልሰሙት እናት የእርሳቸውን አንድ ቃል ሰሙ። አባቶቼ፣ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ከጾም እንደምትፈታ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እባካችሁ ሳትጠየቁ ንገሯቸው። ሸሆቻችንም በረመዳን እንዲሁ አድርጉልን። ጠበል የሚጠመቁትንም መድኃኒታችሁን አትተዉ በሏቸው።

ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ። በጎኑ አስተኙትና ወደ ጤና ተቋም አሩጡት።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከያዝኩት ነጥብ ትንሽ ይወጣል፤ ግን ሕይወት ያድናል። ቋሪት የሚኖሩ አክስቴ ነበሩን፤ እቴቴ ነበር የምንላቸው። ጨዋ፣ ንግግራቸው የተመዘነ ሴት ነበሩ። አንድ ሰኞ ያልሆነ ነገር መናገር ጀመሩ። የሞተ ወንድማቸውን በሩ ላይ ቆሟል ይላሉ፣ ሌሊት ሲጮኹ ያድራሉ፣ ቀን ይተኛሉ። ጎረቤቱ ጃጁ አለ። ስደርስ ገላቸው ይፋጃል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ሽንት ቤቱ ከቤት ራቅ ያለ፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ፣ ሌሊት ላለመውጣት ብለው ውኃ መጠጣት ትተው ኖሯል። ታክመው፣ ውኃ ጠጥተው፣ በሳምንት ውስጥ ወደ ራሳቸው ተመለሱ።

ልብ በሉ። የመርሳት በሽታ ቀስ እያለ፣ በወራትና በዓመታት የሚመጣ ነው። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ አእምሮው የተለወጠ አረጋዊ ግን አልጃጀም፤ ታሟል። ኢንፌክሽን ይሆናል፣ የሳንባ ምች ይሆናል፣ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፣ ውኃ አጥሮት ይሆናል፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ይሆናል፣ ስትሮክም ይሆናል። በዚያው ቀን ይታይ! በዚያው ቀን! በእርጅና ጊዜ የውኃ ጥም ስሜት ራሱ ይደክማል። ስለዚህ “ጠማኝ” እስኪሉ አትጠብቁ፤ ሐኪም ውኃ ያልቀነሰባቸውን እያስታወሳችሁ አጠጧቸው።

ሁለተኛው ነጥብ የገላ ነገር ነው። እዚህ ላይ የአልጋ ቁስልን አስቀድማለሁ፤ ከብዙ ሥቃይ የምንጠብቃቸው በእርሱ ነውና።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው ራሱን ማገላበጥ ሲያቅተው፣ አጥንት ቆዳውን ከፍራሹ ጋር ይጫነዋል፣ ደም መዘዋወር ያቆማል፣ ሥጋው ይሞታል። መቀመጫ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ትከሻ፣ የጭንቅላት ጀርባ። እነዚህን በየቀኑ እዩ። መጻሕፍት “ቆዳው ይቀላል” ይላሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ከዙሪያው ይበልጥ ይጠቁራል ወይም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ ሲዳሰስ ይሞቃል ወይም ይጠጥራል፣ ያማል። ይህን ስታዩ ጊዜ የላችሁም። በዚያ ጎን አታስተኙ። አትሹት፤ ማሸት ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብሰውን ይቀደዋል። በየሁለት ሰዓቱ ጎን ለውጡ፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በጀርባ። ከባቱ ሥር ትራስ አድርጋችሁ ተረከዙ አየር ላይ ይዋል።

ከቆሰለም አመድ፣ ቅጠል፣ አልኮል አታድርጉበት። አንድ ሊትር ውኃ አፍልታችሁ፣ ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ፣ ሲቀዘቅዝ በእርሱ እጠቡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። መሽተት ከጀመረ፣ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ካመጣ ቤት ውስጥ አትያዙት። ቁስል ያለ ገንቢ ምግብ አይድንም። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ምስር ያስፈልገዋል፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ደግሞ መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። አጥሚት ብቻ እየጠጣ ቁስሉ የሚዘጋለት ሰው አላየሁም።

ስለ አጥሚት ካነሣሁ፤ ስትሮክ የመታውን ሰው አስተኝታችሁ አጥሚት አታጠጡት። የመዋጥ ኃይሉ ደክሟል፤ ቀጭን ነገር ወደ ሳንባው ይገባል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ያዝ ያድርግ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ጠንከር ያለ ገንፎ ወይም ወፈር ያለ አጥሚት ይጉረስ። የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይግባ። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኛ። ሲበላ የሚያስለው ወይም ድምፁ ውኃ የያዘ የሚመስል ከሆነ ለሐኪም ንገሩ።

የሽንት ቱቦ ለተደረገላቸው አባቶች፤ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገብ በታች ይንጠልጠል፣ መሬት ግን አይንካ። ከመንካታችሁ በፊትና በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አትጎትቱት። ሽንት መውረዱን ካቆመና ሆዱ ከተወጠረ ሌሊትም ቢሆን ውሰዷቸው።

እናቶችና አባቶች ሽንት አምልጧቸው በሐፍረት ይደብቃሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ደብቀው እርጥብ ላይ ሲተኙ ቆዳቸው ይላጣል። ፊታችሁን አታጨፍግጉባቸው። ስታጥቧቸው በሩን ዝጉ፣ የማትነኩትን ገላቸውን ሸፍኑ፣ ልታደርጉ ያሰባችሁትን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ባይመልሱላችሁም ይሰማሉ።

እነሆ ሦስተኛው። አሁን ትንሽ ታገሡኝ።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ፣ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማን ነው? በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠው፣ ሌሊት የሚነሣው፣ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ቀጠሮ የሚያደርሰው? እኔ በገባሁበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል መልሱ አንድ ነው። አንዲት ሴት ናት። ሴት ልጅ ናት፣ ወይም ምራት ናት፣ ወይም ከትምህርት ቤት የቀረች የልጅ ልጅ ናት። ወንዶቹ ልጆች ለሥራ መተማ ሄደዋል፣ አዲስ አበባ ናቸው፣ ወይም እዚያው ግቢ ውስጥ ሆነው “እንዴት አደሩ?” ብለው በበር በኩል ያልፋሉ።

አንዲት ምራት አውቃለሁ። አማቷን በስትሮክ ከወደቁበት ቀን ጀምራ ብቻዋን ታነሣለች። ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው፤ እርሷ ቀጭን ናት። ወገቧ ተጎዳ። ለራሷ ሕክምና መሄድ አልቻለችም፤ ማን ይይዝላታል? እንቅልፍ አጣች። አንድ ቀን ደጅ ላይ አግኝቼ “አንቺስ እንዴት ነሽ?” አልኳት። አለቀሰች። “እርሳቸው እንዴት ናቸው ነው የምባለው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም” አለችኝ። ቆማ ስታነባ ከውስጥ ጠሯት፤ ዓይኗን ጠርጋ ገባች።

ወንድሞቼ፣ ይህ ፍትሕ ነው? ያቺ ሴት ታማ ብትወድቅ በዚያ ቤት ሁለት በሽተኛ ይሆናል። “ይህ የሴት ሥራ ነው” የምትሉ ወንዶች ካላችሁ፣ እስኪ ንገሩኝ፤ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን አባት ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር የሴት ሥራ የሆነው መቼ ነው? አባታችሁን ማጠብ ውርደት አይደለም። ያጠባችሁትን አባት መቅበር ሳታጥቡት ከመቅበር ይቀላል፤ እኔ ይህን በእናቴ አይቼዋለሁ።

መንግሥትስ? ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይላል። መጠየቅ አለብን። ጡረታ ያለው ደመወዝተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ገበሬው ጡረታው ልጁ ነው። የጤና መድኅን አባልነታችሁን ደግሞ አታቋርጡ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። ክፍያውን ያላሳለፈ ቤተሰብ ከፍሎ የማይዘልቀውን የዕድሜ ልክ ክትትል በእርሱ መከታተል ይችላል። መድኅን ግን ሌሊት አያገላብጥም፤ ሐኪሙም ጮቄ ተራራ ሥር ያለ መንደር ድረስ በየቀኑ አይመጣም።

ስለዚህ ወደ ጥያቄዬ ተመለስኩ። እኛ ጎጃሞች አጨዳ ሲደርስ ወንፈል እንገባለን። ዛሬ የአንተን፣ ነገ የእኔን። ደመወዝ የለው፣ ውለታ የለው፤ ተራ ነው። ይህን ለምን ለማስታመም አናደርገውም? በአንድ ጎጥ ውስጥ አልጋ የያዘ አረጋዊ ያለባቸው ቤቶችና ጎረቤቶቻቸው ወንፈል ይግቡ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት መጥቶ ይቀመጥ፣ ያገላብጥ፣ ያጠጣ፤ አስታማሚዋ ትተኛ፣ ገበያ ትሂድ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፣ ራሷ ትታከም። አንድ ከሰዓት በኋላ! ብዙ ነው የጠየቅኩት? ጎልማሶች ደግሞ ማታ ማታ ለማንሣት ተራ ይግቡ። አባቶቻችን በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ተራራ ወርደው ወንዝ ተሻግረው ያደርሱ ነበር፤ እኛ አንድ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ማንሣት ያቅተናል?

ለእድር ዳኞች ደግሞ የተለየ ጥያቄ አለኝ። እድራችሁ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። የሰበሰባችሁት ገንዘብ ላይ ተነጋገሩና አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ ለመራመጃ የሚሆን የእጅ መደገፊያ፣ አንድ የግፊት መለኪያ፣ አንድ ወፍራም ፍራሽ ግዙ። እንደ ድንኳኑ በውሰት ይዙር፤ አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ይለፍ። አናጢ ጥሩና መቀመጫው መሃል ላይ የተቦረቦረ፣ ከሥሩ ፖፖ የሚገባበት ባለ መደገፊያ ወንበር አሠሩ። ብዙ ወጪ የለውም፤ ሌሊት ጭቃ ላይ ከመውደቅ ያድናል። የተሰበረ ዳሌ በዚህ ዕድሜ ምን እንደሚያስከትል ያየ ያውቀዋል። በኤችአይቪ ዘመን ብዙ እድሮች ሕግጋታቸውን አሻሽለው፣ ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለታመመ አባልም መድረስ ጀምረው ነበር። በጎ ፈቃደኞች ጓንትና ሳሙና ይዘው ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። ስለዚህ አዲስ ነገር አልጠየቅኩም፤ የምናውቀውን ሥራ ነው የጠየቅኩት።

ከመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ የታመመ አረጋዊ ያለበት ቤት በተራ ይጎበኛል፣ ተራውን ያልጠበቀ አባል ከቀብር እንደቀረ ይቀጣል። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባችሁ አጀንዳ ይሁን። የኤክስቴንሽን ልጆቻችን ደግሞ በቀበሌያችሁ አልጋ የያዙ አረጋውያንን ስም መዝግቡና ለዳኞቹ ስጡ። መጥታችሁ አሠልጥኚን ካላችሁኝ ከደጀን እስከ ዳንግላ በራሴ ወጪ እመጣለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ከዚህ በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ግን ወሬ ይብቃና እጃችን ይሥራ። ያመጣሁትን ፍራሽ እዚህ መድረኩ ላይ አንጥፉልኝ። ሁለት ሰው እፈልጋለሁ። ሴቶች ተቀመጡ፤ እናንተ ትችሉበታላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ሁለት ጎልማሶች፣ አዎ እናንተ፣ ኑ። አንተ በሽተኛ ነህ፤ በጀርባህ ተኛ፤ ቀኝ ጎንህ አይታዘዝልህም። አንተ በግራው በኩል ተንበርከክ። ወገብህን ሳይሆን ጉልበትህን እጠፍ። የደከመውን እጁን አትጎትት፤ በዝግታ ደረቱ ላይ አሳርፈው። ቀኝ ጉልበቱን እጠፍለት። አሁን አንድ እጅህ ከትከሻው ጀርባ፣ አንዱ ከዳሌው ጀርባ። “አባቴ፣ ወደ እኔ ላገላብጥዎት ነው” በለው። ጮክ ብለህ በለው፣ እንስማህ። በል፣ ወደ ራስህ ሳበው።